ጋሽ አያሌው ለሁለተኛ ጊዜ ሞቱ

ለቆቦና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ! ኮፍያ ያደረገ ያውልቅ፣ ማስቲካ የሚያኝክ ይትፋ። ከባድ መርዶ አለኝ።

ጋሽ አያሌው ሞቱ።

እንደምትስቁ አውቃለሁ። እኔም ጎረቤታቸው ጠዋት ሲደውልልኝ "ሂድ ወደዚያ፣ የኔን ቀልድ ለኔው?" ብዬ ዘግቼበታለሁ።

ሄጄ አየኋቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተዋል። ከአፋር በኩል የሚመጣው ትኩስ ነፋስ የደብተራቸውን ገጽ ይገልጣል፣ ይመልሳል፣ የሚያነብ ይመስል።

ለማታውቋቸው፦ የአማርኛ አስተማሪ ነበሩ፤ ከጎጃም ተመድበው መጥተው እዚሁ ያረጁ። ከስምንተኛ ክፍል ያባረሩኝም እሳቸው ናቸው። ሃምሳ ደብተር ሙሉ ልቦለድ ጽፈው አንዱንም አላሳተሙም። "ሰው የሚጽፈው መናገር ሲፈራ ነው" ይሉ ነበር። እሳቸው የፈሩት ዘይነባን ነው፤ ጎብዬ ሻይ ቤት ያላትን።

አምና በዚሁ የፌስቡክ ገጼ "ሞቱ" ብዬ በውሸት ለጥፌ አልነበር? የእድሩ ሴቶች እዝን ተሸክመው "ወየው ጋሼ!" እያሉ ሲገቡ፣ ሰውዬው በረንዳ ላይ ጥፍራቸውን ይቆርጣሉ። የገዛ ሐዘናቸውን እንጀራ በሉ። "ይቺም ትጻፋለች" አሉ። ፍየል አንድ ምዕራፍ ስትበላባቸውም ያሉት ይቺኑ ነው።

ዘይነባ ግን ከጎብዬ ድረስ እያለቀሰች መጣች። ሲያኝኩ ስታገኛቸው በጥፊ አለቻቸው። "ወላሂ ዳግመኛ ብትሞት አልመጣልህም!"

ጉንጫቸውን እየዳበሱ፣ "ሰማህ? 'አንተ' አለችኝ እኮ" አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ልቦለድ ያዙ፤ ሞቱ በቀልድ የተወራበት ሰውዬ ቀስ በቀስ የሚሞትበት። "አንተ አወጅከው፤ እኔ መጨረስ ብቻ ነው የቀረኝ" ሲሉኝ ስቄ ነበር። ዛሬ ነፋሱ የሚገልጠው ያንን ደብተር ነው። አላነበብኩትም። ፈራሁ።

ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በራቸው ላይ ያለነው አራት ሰዎች ነን። የእድሩ ሴቶች "ለአንድ ሰው ሁለቴ እዝን አይወጣም" ብለው ሳቁብኝ። አራት ሆነን አስከሬን ማንሳት አያቅተንም፤ ግን ማን ያልቅስላቸው?

ለዘይነባ ደወልኩ።

"ዛሬም?" አለች።

መልስ አጣሁ። እኔ ዝም ማለት እንደማልችል ታውቃለች። በስልኩ ውስጥ ብርጭቆ ሲሰበር ሰማሁ።

"መጣሁ። ውሸት ይሁንልኝ እንጂ አልመታህም" አለች።

ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እየመጣችልዎት ነው። እኔም ዕድሜዬን በሙሉ ዋሽቼ፣ ውሸቴን በሆነ ብዬ የተመኘሁት ዛሬ ነው።

ደህና ይረፉ። ሃምሳ ደብተር የፈጀው ነገር እኮ ትንሽ ነበር ጋሼ። ጎብዬ በሚኒባስ መውረድ፣ አንድ ሻይ ማዘዝ፣ አንዲት ቃል መናገር። ይኼው ነበር።