ለመኪናዋ የተቀመጠው ሸራ

እርጥብ ሸራና የቀለጠ ሰም አንድ ላይ ሲሸተኝ፣ የላሊበላው ግቢያችን ከነካቡ፣ ከነአባቴ ድምፅ ይመጣብኛል። አባቴ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ አሮጌ ላንድሮቨር ነበረችው፤ እንግዶችን ከአውሮፕላን ማረፊያው እያመላለሰ በእሷ ነበር የሚያኖረን። በጋ ሲገባ ሸራውን ፈትቶ፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ፣ በቀዝቃዛ ውኃ አጥቦ ካቡ ላይ ያሰጣውና፣ ሲደርቅ ስፌት ስፌቱን ሰም ይቀባው ነበር። «ሳሙና ሰሙን ይገፈዋል፤ እርጥቡን ከታጠፈ ደግሞ ይሻግታል» ይለን ነበር፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን። የእኔ ቀሚስና የወንድሜ ቁምጣ ግን እንዲህ ያለ ክብር አይተው አያውቁም።

አብዮቱ ከመጣ ወዲህ እንግዳው ቀረ። አንድ በጋ፣ ሸራው ካቡ ላይ ተሰጥቶ ሳለ፣ ወታደሮች መጥተው «ለዘመቻ ትፈለጋለች» ብለው መኪናዋን ራቁቷን ነድተዋት ሄዱ። ትመለሳለች ተባለ፤ አባቴም አመነ። ከዚያ በኋላ በየበጋው መኪና የሌለውን ሸራ እያጠበ፣ እየቀባ ያስቀምጠው ነበር፤ እናቴም አንዱን ጫፍ ይዛ ታሳጥፈው ነበር።

ድርቁ ሲመጣ ላማችን እንዳትሞት የቤቱን ሣር ክዳን እየመዘዝን አበላናት፤ እሷም አልቀረችልን። በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ ሲመለስ ቤቱ እንደ ወንፊት ያፈስ ጀመር፤ የሚተካ ሣር በአገሩ አልነበረም። ቁርበታችንን ከጥግ ጥግ እየጎተትን እንተኛ ነበር፤ ወንድሜም ማሳል ጀመረ።

«አንቱ፣ ሸራውን ቤቱ ላይ ብንጥለው ምናለበት? ልጁ በሰበሰ እኮ» አለችው እናቴ።

«እንጨቱ ይቀደዋል። መኪናዋ ስትመጣ ምን ላለብሳት ነው?»

«የት ያለች መኪና?»

አባቴ ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ሸራውን ቤቱ ላይ መጣል መኪናዋ አትመለስም ብሎ እንደ ማመን ስለሆነበት አቃተው። ያኔ ግን ጠልቼው ነበር።

ወንድሜ ነሐሴን አልጨረሰም። በቀብሩ ማግስት አባቴ ሸራውን አወጣና፣ ለቀስተኛው በዝናብ እንዳይመታ ብሎ ግቢው ውስጥ ወጠረው። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። እናቴ ከሥሩ ተቀምጣ፣ ቀና ብላ ስታየው ቆየችና «አንዲት ጠብታ አያሳልፍም» አለች። አባቴ ተነሥቶ ዝናቡ ውስጥ ቆመ፤ ግባ ያለው ሰው አልነበረም።

መኪናዋ አልተመለሰችም፤ አባቴም ያንን ሸራ ዳግመኛ ሰም አልቀባውም። ዛሬ ቤቴ ቆርቆሮ ነው። ልጆቼ ዝናቡ ሲያንኳኳ ይስቃሉ፤ እኔ ግን ያኔ አደርግ እንደነበረው ቀና ብዬ ጣሪያውን አያለሁ። አያፈስም። ወንድሜን የማስተኛበት ደረቅ ቦታ አሁን ሞልቶኛል።