የጌሾዋ ኮርማ ማን ነበር?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ነገሌ የእህቴ ልጅ ተዳረች። ጠጁን የጣልኩት እኔ ነኝ። የልጅነት ጎረቤታችን አሮጊቷ አደ ሎኮ ብርሌያቸውን አስቀመጡና፣ "ቁርጥ እናትሽን! እጅሽም እጇ ነው" አሉኝ። ደስ አለኝ። ደስ እያለኝም ልከራከራቸው አማረኝ፤ ክርክር አይቼ ማለፍ ከድሮም አልችልበትም።

እናቴ የነገሌ ጠጅ ጣይ ነበረች፣ ያውም አንደኛ። ሰው ማሩን ያመሰግናል፤ ነገሩ ግን የጓሮዋ ጌሾ ነበረች። በጭነት መኪና ከቦሬ መጥታ፣ በዚህ ሙቀት በእቃ እጣቢ ያደገች አንዲት ጌሾ። እንጨቷን ሲያኝኩት ምሬቱ ምላስ ላይ አይከርምም፤ ወዲያው ለቀቅ ያደርጋል። እናቴ በገበያ ጌሾ የጣለች ዕለት ደንበኞቿ ሳይነገራቸው ያውቁባታል።

የግብርና ትምህርቴን ጨርሼ በተመለስኩበት ዓመት መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ጌሾዋ የተጠጋችው አጥራችንም ሊፈርስ ነው ተባለ። ጌሾዋ አርጅታለች፤ ነቅለን ብናዛውራት አትጸድቅም። የሚያዝያው ዝናብ እስኪያባራ ብቻ ጊዜ ሰጡን።

እናቴ ፍሬዋን ለቅማ በየጣሳው ዘራች። እኔ ዘር አያስተማምንም፣ ቅርንጫፏን ጎንበስ አድርገን አፈር እናልብሰው፣ ሥር ሲያወጣ ቆርጠን እንወስደዋለን አልኳት። ጠጅ የሚጣልበትን እንጨት መቅበር ብክነት ሆነባት፤ እንደ አባቴ መከራከሬም አልጣማት።

"የጥሩ ላም ጥጃ ጥሩ ነው" አለች። የቦረና ልጅ ናት፤ የላም ዘር ቆጥራ አትጠግብም።

"ኮርማውስ ማን ነበር?" አልኳት።

በእናቴ ቤት የጥጃ አባት ሳይታወቅ ቀርቶ አያውቅም፤ ለጌሾዋ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችም። አበባውን የምታዳቅለው ንብ ናት፣ ንብ ደግሞ አጥር አታውቅም፤ ከአደ ሎኮ ጌሾ ተነስታ እኛ ጋ ታርፋለች፣ ፍሬው የሁለቱም ነው አልኳት። የአደ ሎኮን ጌሾ "ውሃ" እያለች ስትንቅ ነው የኖረችው።

"ከዚያ ውሃ ጋር?" አለች፣ ፊቷ ተለዋውጦ።

ያኔውኑ ቅርንጫፎቹን እሷ ያዘችልኝ፤ እኔ ልጣቸውን ከሥር ፋቅ ፋቅ እያደረግሁ ቀበርኳቸው። አብዛኞቹ በሰበሱ። ዝናቡ ሲያባራ አንዱ ሥር አውጥቶ አገኘሁት። ኦሮምኛው ቀደማትና "ገለቶሚ፣ ልጄ" ብላ አመሰገነችኝ። አጥሩን ሊያፈርሱ የመጡ ቀን ግን ከቤት አልወጣችም።

ጣሳዎቹንም አልጣለችም፤ እንዲህ በቀላሉ ተሸናፊ መሰለቻችሁ! ችግኞቹ ሲጎለምሱ አንድ በአንድ አኘክናቸው። አንዱ ገለባ፣ አንዱ እሬት። አንዷ ግን የእናቷን ምሬት ይዛ እናቷ የሌላት መዓዛ ነበራት። እናቴ ደጋግማ አኘከቻትና፣ "ይኼስ የሎኮ ነው" ብላ ሳትወድ ሳቀች። እኔም ከዚያ ወዲህ አበባ በጨርቅ እየሸፈንኩ፣ ኮርማውን ራሴ እየመረጥኩ ጌሾ ሳዳቅል ኖርኩ። እመኑኝ፣ እችልበታለሁ።

የሠርጉ ጠጅ የተጣለው በዚያች ድቅል ነው። ግማሹ የእርስዎ ጌሾ ነው አልኳቸው ለአደ ሎኮ። "እናትሽ ውሃ ትለው አልነበር?" አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለካ ያውቁ ኖሯል።

ከቅርንጫፏ የተተከለችው ዛሬም ጓሮዬ ናት። እሷ ልጅ አይደለችም፤ ያቺው የቦሬዋ ራሷ ናት። እናቴ ግን ካረፈች ቆየች፣ ትናፍቀኛለች። ሰው በቅርንጫፍ ቢተከል ኖሮ ከእሷ አንድ ቅርንጫፍ አስቀር ነበር። ሰው የሚቀረው በዘር ብቻ ነው። ስለዚህ፣ አደ ሎኮ፣ ቁርጥ እናቴን አይደለሁም፤ እጄ የእሷ ነው፣ ክርክሩ የአባቴ።