ያልተሠራች መርከቤን የሰረቀው ሰውዬ

ትናንት ረፋድ ላይ... ሰው ያልተሠራ መርከብ እንኳ እንደሚሰርቅ በዓይኔ አየሁ። ይሄን ስጽፍ ደሜ እንደፈላ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካዎች ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። በእረፍት ሰዓቴ የጦር መርከብ እስላለሁ። ታስበው የቀሩ፣ ማንም ያልሠራቸው መርከቦች። «ሚሳኤሉ ሌላ ዓይነት ቢሆን ኖሮ መርከቡ ምን ይመስል ነበር?» እያልኩ። ባሕር በሌለበት ቤር ሼቫ ቁጭ ብሎ ይሄን መሥራት ጤና ነው አልልም።

አንዷን ግን ስምንት ወር ለፍቼባታለሁ። ወለሏ ላይ የሚደረደሩትን የሚሳኤል ሳጥኖች አንስቼ፣ ሚሳኤሎቹ ከሆዷ ቀጥ ብለው ወደ ላይ እንዲተኮሱ አደረግኩ። በጎኗ ላይ ቁጥሯን በግዕዝ ጻፍኩ፦ ፲፱፻፹፫። በኛ አቆጣጠር አባባ ቤተሰቡን ይዘው ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን የመጡበት ዓመት ነው። ከዚያ በቅጽል ስም ኢንተርኔት ላይ ለጠፍኳት።

ትናንት ሽኩና ቤት በሚባለው ሰፈር ባለው አዳራሽ መርከብ ወዳዶች ሥዕላቸውን ያሳያሉ ሲባል አባባን ይዤ ሄድኩ። ከጎረቤታችን ከተማ ከዖሜር የመጣ አንድ ጡረተኛ ተነሳና ስክሪኑ ላይ ያወጣው ምን ይመስላችኋል... የኔን መርከብ።

«ይህ የራሴ ንድፍ ነው» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ሥዕሌ ላይ አንድ ስህተት ነበረ፦ ሚሳኤሎቹ ሲተኮሱ ከአንቴናው ምሰሶ ጋር ይጋጫሉ። ከለጠፍኳት በኋላ ነው ያየሁት። ስህተቴን እንኳ ሳያርም ነው የወሰዳት! አንዱ ተመልካች በጎኗ ያለው ጽሑፍ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀው።

«እሱ... ለውጭ ገዢ የተዘጋጀ ምስጢራዊ ምልክት ነው።»

ልነሳ ስል አባባ ትከሻዬን ጫን አድርገው ቀድመውኝ ተነሱ። በዚያች በተሰባበረች ዕብራይስጣቸው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ስሊኻ አዶኒ፣ ይቅርታ ጌታዬ... ምስጢር አይደለም። የኛ ቁጥር ነው። ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሦስት ይላል። እኛ የመጣንበት ዓመት ነው» አሉ። ከዚያ ቁጭ አሉ። በቃ።

ሰውዬው የደነገጠ መስሏችሁ ነው?

«ኮል ሃካቮድ፣ ጎሽ አባ፣ ለሚቀጥለው ገለጻዬ እጨምረዋለሁ» ብሎ አስጨበጨበላቸው። አባባም ጎንበስ ብለው አመሰገኑ።

ውጭ ስንወጣ መቻል አቃተኝ። «አባባ፣ ‹የልጄ ናት› ለምን አላሉም?»

«ሰው በሰው ፊት ሌባ ይባላል እንዴ ልጄ? ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም። ቁጥሩን ካነበብኩለት ባለቤቷ እዚህ እንዳለ ያውቃል፣ ያፍራል ብዬ ነው እንጂ።»

«እሱ እኮ ለሚያፍር ሰው ነው።»

ወደ አዳራሹ ልመለስ ዞር ስል እጄን ያዙኝ። «እኔ ተናግሬ ከተቀመጥኩ በኋላ አንተ ገብተህ ብትጮህ፣ የምታዋርደው እኔን ነው።»

አልተመለስኩም። በሰውዬው ተናደድኩ፣ በአባባ ተናደድኩ፣ ከሁሉም በላይ ግን ስምንት ወር ለፍቶ ስሙን ለመጻፍ ባፈረው በራሴ ተናደድኩ።

ማታውን ቁጥሯን ሳልነካ፣ ከሥሩ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ በዕብራይስጥ በትልቁ ጽፌ እንደገና ለጠፍኳት። ለጨዋ በግዕዝ፣ ለሌባ በሚያነበው ፊደል።