ሕግ የማያየው ጉበት

ሪስተን በኖርዌይ ሰሜን፣ አባቶቿ በኖሩበት ተራራ ላይ አጋዘን ታረባለች። በዚህ ዓመት የእርድ ወቅት ግን ልቧ ገበያው ላይ አልነበረም። ከከተማ የመጣችው ነፍሰ ጡር ልጇ ቢረት ቤት ከገባች ጀምሮ ጨረር ፈርታ ሥጋ አልቀመሰችም፤ ዳቦና አይብ ብቻ። አጋዘን አርቢ ቤት ተወልዳ የአጋዘን ሥጋ የምትፈራ፣ ልጇን በምን ልታሳድገው ነው?

ስለዚህ ሪስተን ተቆጣጣሪውን ኦድቫርን ጠበቀች። እሱ በየዓመቱ እየመጣ መሣሪያውን ከአጋዘኖቹ ሽንጥ ያስጠጋና፣ ድሮ ከፈነዳው የኒውክሌር ጣቢያ ነፋስ ያመጣውን ሲዚየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ይለካል። ሕጉ መቼም ድንቅ ሕግ ነው። ለአጋዘን ሥጋ የተፈቀደው የሲዚየም ወሰን ከሌላው ምግብ እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ የከተማ ሰው በዓመት አንዴ ሁለቴ ቢቀምሰው ነዋ! በየቀኑ ለሚበሉት ደግሞ የምክር ወረቀት ታተመላቸው። ለካ ሆድም እንደ ሹመት ደረጃ አለው።

ዝቅተኛ ቁጥር የወጣለትን አጋዘን ሪስተን አረደች። በእናቷ ወግ ለነፍሰ ጡር የሚቀርበው ጉበት ነውና ጠብሳ ልጇ ፊት አኖረችው። ኦድቫርንም ምስክር እንዲሆናት ከማዕዱ አስቀመጠችው።

ቢረት ጉበቱን አየት አድርጋ፣ «ፖሎኒየሙንስ ለክተኸዋል?» አለችው።

ኦድቫር ማኘኩን አቆመ። ያኛውም ጨረር አለው፣ ግን የተፈጥሮ ነው አለ፤ ከአለት ከሚወጣ ጋዝ ተወልዶ አለት ላይ በሚበቅለው የድንጋይ ሽበት ላይ ያርፋል፣ አጋዘኑም ክረምቱን ሙሉ ሽበቱን ይግጣል። የእሱ መሣሪያ አያየውም፤ ሕጉም ወሰን አላበጀለትም።

«ተፈጥሮ አትከሰስም በለኛ» አለች ሪስተን።

«ማንን ትከሺያለሽ? ቅድመ አያትሽም በልታዋለች።»

«እኔ የጠየቅኩህ ልብላ ወይስ አልብላ ነው» አለች ቢረት።

«ሥጋው ላይ ጥቂት ነው፤ እኔ ብሆን እበላለሁ። ጉበት ላይ ግን ይከማቻል።»

ሪስተን ቢረትን ስታረግዝ በየእርዱ የበላችው ጉበት ነው። ልጅቷ ይኸው ደህና ናት፤ ደህና መሆኗ ግን ለሚመጣው ዋስ እንደማይሆን ታውቃለች። ሕግ ዝም ያለበትን ነገር ሁሉ ደህና ነው ብላ ኖራ ነበር።

ጉበቱን ስባ ወደ ራሷ ሳህን ገለበጠችና አብሮ ከተጠበሰው የትከሻ ሥጋ ለልጇ ቆረጠችላት።

«አንቺ ይህን ብዪ። ጉበቱ የኔ ነው፤ እኔ ከእንግዲህ አላረግዝም።»

ቢረት ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ትንሽ ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተች፣ ቀስ ብላም አላመጠች። እናቷ ቀና ብላ ላለማየት ጉበቱን መቁረጥ ጀመረች።