ሲምቦሉ የተገፈፈ ፕሮግራም

ዋንዴገያ ሰፈር፣ ከማተሚያ ሱቆቹ በላይ ያለች ቢሯችን ውስጥ እኔና ባልደረባዬ የቦዳ፣ ማለትም ሰው የሚያመላልስ ሞተር ሳይክል፣ ሌባ መከላከያ እንሠራ ነበር። ቦዳው ሲሰረቅ ሞተሩን የሚያጠፋና «ሌባ!» እያለ የሚጮህ ትንሽ ዕቃ ነው። ባልደረባዬ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ጎበዝ፣ ግን ችኩል። ችኩልነቱ ያቃጥለኛል።

ፕሮግራሙ ገዝፎ ዕቃው ላይ አልገባ አለ። ኮድ ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለት ወደ ማሽን ቋንቋ ሲለወጥ፣ ስህተቱ የቱ መስመር ላይ እንደተፈጠረ የሚናገሩ ስሞችና ቁጥሮች አብረው ይገባሉ፤ ዲበግ ሲምቦል እንላቸዋለን። ለእኛ እንጂ ለማሽኑ አይጠቅሙም። ባልደረባዬ ገፈፋቸውና ፕሮግራሙ ገባ። ያልተገፈፈውን ኮፒ አስቀምጥ ስለው እሺ እሺ አታስቢ አለኝ። የእሱን እሺ እሺ ማን ያምናል!

መጀመሪያ የገጠምንለት ሁልጊዜ ናካሴሮ የሚያደርሰኝ ቦዳ ነጂ ነበር። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ መስቀለኛው መንገድ ላይ፣ በተከራየው ቦዳ ላይ እንደተቀመጠ ዕቃው ጮኸ። የቦዳ ተራው ነጂዎች ምንም ሳይጠይቁ ከበቡት። በመስኮት ሳይ ድንጋይ ነው፣ ዱላ ነው፣ እርግጫ ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። አንዱ መንጋጋውን ሲረግጠው አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ገብቼ ልጎትተው ስል ትከሻዬን በዱላ አሉኝ፤ ብርድ ሲሆን ዛሬም ይነዝረኛል።

ፖሊስ መጥቶ ከነደሙ ፒክአፕ ላይ ወረወረው። መኮንኑ ቦዳው በስሙ አይደለም፣ ዕቃው ደግሞ ሌባ ብሏል፣ መሳሳቱን ካሳያችሁኝ እለቀዋለሁ አለ።

ዕቃው ሲጮህ ኮዱ የቱ ጋ እንደነበረ መዝግቧል። ስከፍተው ግን ባዶ ቁጥር ብቻ ነው፤ የትኛው መስመር እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም። ያልተገፈፈውን አምጣ አልኩት ባልደረባዬን።

«እሱኑ ራሱን ነው የገፈፍኩት» አለ። «ሌላ ኮፒ የለም።»

ደሜ ፈላ። ኮሌታውን ይዤ ከግድግዳ ጋር አላተምኩት። ሰውዬው እስር ቤት ደም ይተፋል፣ እሱ ኮፒ የለም ይለኛል! መታሁት፤ ደገምኩት። እጁን እንኳ አላነሳም፤ ይህ ደግሞ ይባስ አናደደኝ።

ከንፈሩን ጠርጎ ተቀመጠ። ያንኑ ኮድ በዚያው ኮምፓይለር እንደገና ሠራነው። ያልተገፈፈ ኮፒ አስቀርተን፣ ሌላውን ገፍፈን ስናስተያየው ዕቃው ላይ ካለው ጋር ቁርጥ አንድ ሆነ፤ ስለዚህ ያ ቁጥር የቱ መስመር እንደሆነ ካልተገፈፈው ላይ አገኘነው። የሳተላይት ሲግናል ሲጠፋ ተሰርቋል ብሎ የሚደመድም፣ ባልደረባዬ የጻፈው መስመር ነበር። በማግስቱ መኮንኑን አስረዳነውና ነጂውን ለቀቀው።

ነጂው መንጋጋው በጨርቅ ታስሮ ወጣ። ይቅርታ ልለው ስል በእጁ አስቆመኝ።

«ለፖሊስ አሳየሽ» አለኝ በጥርሱ መሀል። «ለእነሱስ?»

እውነቱን ነው። ሌባ ከተባለ ሰው ኋላ ማን ይሳፈራል? ሦስታችንም ወደ ቦዳ ተራው ሄድን። ነጂው እንዳልሰረቀ፣ የተሳሳተው ዕቃው እንደሆነ ነገርኳቸው። መንጋጋውን የረገጠው ሰውዬ፣ ታዲያ ማነው ያስጮኸው አለ።

ባልደረባዬ ከኋላዬ ወጥቶ «እኔ ነኝ» አለ።

ጡጫው ወዲያው መጣ፤ ከዚያ ሁሉም ተረባረቡበት። መሬት ላይ ጥለው ሆዱን ረገጡት። ትናንት በገዛ እጄ የደበደብኩትን ሰው እንዳይገድሉብኝ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። የሰማኝ የለም። ያ መንጋጋ የሰበረው ሰውዬ ድንጋይ አንስቶ ከባልደረባዬ ጭንቅላት በላይ ቆመ። ነጂው እየተንገዳገደ መሀላቸው ገባና ድንጋይ የያዘውን ክንድ በሁለት እጁ ያዘ። መናገር አልቻለም፤ ግን አልለቀቀም።