ከድንጋዩ ወዲያ

ባለፈው ሳምንት፣ የላይኛው ግቢ ልጅ የቦዩን ጭቃ እየዛቀች ወደ እኔ በር ስትገፋ ደረስኩባት። «አንቺ፣ ይህን ወዴት ነው የምትገፊው?» ብዬ ጮህኩ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ማዘር፣ የእኛ ድርሻ እስከዚህ ነው፤ የቀረውን ወረዳው ያንሳው» አለች። ስድቡ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ቃሉ የእኔው ነበርና።

በደርግ ጊዜ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እዚሁ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። ቤቱ የራሳችን ነው። ከእኛ በታች ታክሲ ነጂው ጋሽ ከድር በቀበሌ ቤት ይኖራል። ክረምት በመጣ ቁጥር ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ድንጋይ እየነዳ ቦዩን ይደፍነዋል፤ ያኔ ጠቡ ይጀመራል። እናቴ «ቤቱም የቀበሌ፣ ቦዩም የቀበሌ!» ትላለች። እሱም «ቀበሌው መቼ ይሰምጣል? የምሰምጠው እኔ!» ይላል።

በዚያው ዓመት በፍልሰታ የጋሽ ከድር ሚስት ዘይነባ ወለደች። ጠቡ እንዳለ ሆኖ ለገንፎ ተጠራን፤ ሄድንም። ጾመኞች ናቸው ብለው የእኛን ለብቻ በኑግ ዘይት ሠርተው ጠበቁን። እናቴ ጥርግ አድርጋ በልታ ስትወጣ «ዘይቱ አንሷል» አለች። እንዲህ ነበርን እኛ።

በማግስቱ እሑድ የጽዳት ዘመቻ ሆነ። ያልወጣ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም። የቀበሌው ሊቀመንበር ቦዩን በየደጃፉ አከፋፈለን፤ በእኛና በጋሽ ከድር መካከል አንድ ድንጋይ አስቀምጦ «ሁሉም ድርሻውን!» ብሎ አለፈ። የተዛቀው ጭቃ የት እንደሚደፋ የተናገረ የለም። ስለዚህ ሁሉም ወደ ታች ገፋ። እኔም ከላይ የመጣውን ከእኛው ጋር ደርቤ፣ ጋሽ ከድር ማለዳ ጠርጎ በጨረሰው ቦይ ላይ፣ ከድንጋዩ ወዲያ ከመርኩት።

ጋሽ ከድር ወጥቶ አየኝ። አልጮኸም።

«ልጄ፣ ቤት ውስጥ አራስ አለች» አለኝ።

«የእኛ እስከ ድንጋዩ ነው። የቀረውን ለቀበሌ ንገር» አልኩት።

ሲለምነኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ይህን ስጽፍ ራሴን እጠላለሁ። ሊቀመንበሩ ሲመለስ የእኛን ደጃፍ አይቶ «ጎበዝ!» አለኝ።

ጋሽ ከድር ክምሩን ሩቡን እንኳ ሳያነሳ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። ጎርፉ ክምሩ ላይ ሲደርስ ከቦዩ ወጣና ወደ ጭቃ ቤቱ ዞረ። ግድግዳው ከሥሩ ርሶ ወደ ውስጥ ተናደ። ጋሽ ከድር ዘይነባን አዝሎ፣ አራሷን ልትረዳ የመጣች እህቷ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ ወጡ። እናቴ በራችንን ከፍታ «ግቡ! በእግዜር ግቡ!» ብላ ጮኸች።

ጋሽ ከድር ያየው እኔን ነው። «ከድንጋዩ በላይ የእናንተ ነው» አለና በዝናቡ ቁልቁል ወረደ። አልተመለሱም። ሕፃኑ ይደግ አይደግ አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም።

እኔና እናቴ ለዓመታት ቀበሌውን ረገምን። መረገሙ ይገባው ነበር፤ ቱቦ መቅበር ሲገባው የወጣ ያልወጣውን ስም ሲጠራ ይውል ነበር። አካፋው ግን በእኔ እጅ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ልጅቷን «በይ ጆንያ አምጪ» አልኳት። ትከሻዋን ሰብቃ ገባች። የራሴን ጆንያ አውጥቼ፣ እየተራገምኩ መሙላት ጀመርኩ። ወደ ታች ብገፋው አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ሰባት ጆንያ ሆነ፤ እስካሁን አጥሬ ሥር ቆሟል። ማን እንደሚያነሳው አላውቅም። ከበሬ በታች ግን አልወረደም።