ፕሮሴኮ ከሐይቅ ዓሣ ጋር

እኛ ዘንድ ሻምፓኝ ይተኮሳል እንጂ አይጠጣም። ሠርግም ይሁን ምርቃት፣ አንዱ ጎረምሳ ጠርሙሱን አንገቱን አንቆ ይንጠዋል፣ ቡሹ ጣሪያ ይመታል፣ አረፋው የሙሽራዋ ቀሚስ ላይ ያርፋል፣ ቤቱ በእልልታ ይቀልጣል። የተረፈችው ጉንጭ ከክሬም ኬክ ጋር ትቀመስና «ውይ፣ ሲመር!» ተብሎ ብርጭቆው ወደ ጎን ይገፋል። እኔም ሴቻ በሚባለው የከተማችን ክፍል ባለ አንድ ሆቴል የምግብ አዳራሽ ውስጥ ሥራ እስክጀምር ድረስ ከዚህ የተሻለ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያዎቹ የጣሊያን ጠርሙሶች ሲመጡልን ሁሉንም በጅምላ ሻምፓኝ ብዬ ደረደርኳቸው። ለካ ፕሮሴኮ የሚባል ሌላ ባለ አረፋ ወይን ነበር።

ያደግኩት ጴንጤ ቤት ነው። አባዬ ጡረታ የወጣ መምህርና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። የአዳራሹ ኃላፊ ሆኜ ስሾም እንኳ «እንኳን ደስ ያለሽ» አላለኝም፤ መጠጥ የሚቀዳበት ቤት ነዋ! ሰው ስለ እኔ ሲጠይቀው «ሴቻ ነው የምትሠራው» ብሎ ያልፋል። የዞኑ መሥሪያ ቤቶች ያሉት ሴቻ ስለሆነ ሰሚው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። አልዋሸም፤ እኔን ግን ደብቆኛል። ይህ ከልቤ ያመኝ ነበር። እስከ ባለፈው በልግ ድረስ እዚያ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ደጃፉን አልረገጠም።

እኔ ራሴ ዛሬም አልጠጣም። እቀምሳለሁ፣ እተፋለሁ። አባዬ ይህን ልዩነት አይቀበለውም፤ እኔ ግን ያለዚያ ሥራዬን መሥራት አልችልም። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጭር ሲል ወጥ ቤት ገብቼ አንድ ጉርሻ፣ አንድ ጉንጭ፣ ከዚያ ወደ ባልዲው። ፕሮሴኮን የተዋወቅኩት እንዲህ ነው። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ የገለባ ቀለም ነው። አፍንጫ ሲያስጠጉት መጀመሪያ አረንጓዴ ፖም፣ ቆይቶ ደግሞ አበባ አበባ ይላል። የሚንቀባረር ወይን አይደለም፤ ጓዳ ውስጥ ዓመታት ካላስቀመጣችሁኝ አይልም። ቀዝቅዞ ይቅረብ፣ አረፋው ሳይሞት ይጠጣ፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ሲከፈትም ቡሹን በአንድ እጅ ይዞ ጠርሙሱን በሌላው ቀስ አድርጎ ማዞር ነው፤ እፎይ የሚል ድምፅ ብቻ ከተሰማ በደንብ ተከፍቷል ማለት ነው። አንድ የሚያናድደኝ ነገር ቢኖር፣ ጠርሙሱ ላይ «ኤክስትራ ድራይ»፣ እጅግ ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው፣ ተብሎ የተጻፈበት «ብሩት» ከሚባለው ዓይነት ይልቅ ጣፈጥ ያለ መሆኑ ነው። ይህን ስም ያወጣውን ሰው ባገኘው ጥቂት የምለው አለኝ።

ምግቡን ያገናኘሁት በራሴ ምላስ ነው። ከሐይቁ የመጣ ዓሣ ተጠብሶ ሲቀርብ ብሩቱ ቤቱ የገባ ያህል ነው፤ ጎምዛዛነቱ ለዓሣው ይስማማል፣ አረፋው ምላስ ላይ የቀረውን ዘይት ጠርጎ ይወስዳል። ዳጣ ሲጨመር ግን ነገር ይበላሻል። ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር የተፈጨበት ዳጣችን ብሩት ሲያገኝ ይባስ ብሎ ያቃጥላል፤ ለእሱ ጣፈጥ ያለው ይሻላል። ኩርኩፋም ሞክሬያለሁ። ከበቆሎ ዱቄቱ ጋር የሚቀቀለው የሽፈራው ቅጠል ወይኑን መራራ አደረገው፤ ሁለቱ እንደተኳረፉ ቀሩ። ያን ጊዜ የሠርጉም ምስጢር ገባኝ። ጥፋቱ የኬኩ ነው። ያን ያህል ስኳር አፍ ውስጥ ከገባ በኋላ ደረቅ ወይን ሁሉ ይጎመዝዛል።

ባለፈው በልግ አባዬ ለጡረታው ጉዳይ ሴቻ እንደወጣ ዝናብ ያዘው። ምሳ ሰዓት ላይ ኮቱ ርሶ በረንዳችን ላይ ቆሞ አገኘሁት። በአካባቢው ሌላም መጠለያ ሞልቷል፤ ለምን እዚህ ብዬ ግን አልጠየቅኩትም።

«አባዬ፣ ግባ እንጂ።»

«እስኪያባራ ነው» አለ።

መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ዓሣ ጥብስ ከሎሚና ከዳጣ ጋር አቀረብኩለት። ጸለየና አጥንቱን በጣቱ እየለየ ይበላ ጀመር። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። እንደ እንግዳ ላስተናግደው ወይስ እንደ ልጅ ልቀመጥ፣ ግራ ገብቶኛል።

«ፈረንጆቹ ከዚህ ጋር ምንድነው የሚጠጡት?» አለኝ በድንገት።

«አንድ የጣሊያን ነጭ ወይን አለ። አረፋ ያለው።»

«ለምን እሱ?»

አስተማሪ ነው፤ ለምን ሳይል አይተውም። «ጎምዘዝ ስለሚል ነው። አረፋው ደግሞ ዘይቱን ያጥበዋል። ዳጣ ለሚያበዛ ሰው ጣፈጥ ያለውን እሰጣለሁ።»

«ሎሚስ ይህንኑ ይሠራ የለ?»

«ይሠራል። ለማይጠጡት የጋዝ ውሃ ላይ ሎሚ ጨምቄ አቀርባለሁ።»

«እስቲ አምጪው።»

ከልማድ ይሁን ከኩራት እንጃ፣ ለፕሮሴኮ በምጠቀምበት ቀጭን ረጅም ብርጭቆ አመጣሁለት። አረፋው ከሥር እየተነሳ ይወጣል። ሁለት እርምጃ ርቆ ላየው ሰው ከወይኑ የሚለየው ነገር አልነበረውም። ይህን ያስተዋልኩት ከአባዬ ጋር የሚያገለግል ሌላ ሽማግሌ ጃንጥላውን እያራገፈ በበሩ ሲገባ ነው። አባዬን አየ። ብርጭቆውን አየ። የዘረጋው እጁ አየር ላይ ቀረ።

ብርጭቆውን ላነሳ ጎንበስ አልኩ። አባዬ የብርጭቆውን እግር ያዝ አደረገና «ተይው» አለኝ።

«ወንድሜ፣ እዚህ... እዚህ አገኝሃለሁ ብዬ አላሰብኩም» አለ ሰውዬው።

«ውሃ ነው» ቢለው ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እንዲለው ጠበቅኩ፤ እውነቱን ለመናገር ለመንኩት፣ በሆዴ። አባዬ አላለውም። ብርጭቆውን አንስቶ ጎንጨት አለና መልሶ አስቀመጠው።

«ልጄ እኮ እዚህ ነው የምትሠራው» አለ፣ የኋላ ወንበር ድረስ በሚሰማው የክፍል ውስጥ ድምፁ። «የአዳራሹ ኃላፊ ናት። ተቀመጥ፣ ዓሣው ገና ትኩስ ነው።»

ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ሰውዬው ወንበሩን እያመነታ ሳበ። ዓይኑን ከብርጭቆው ላይ አልነቀለም።

«ምንድነው ግን እሱ?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አባዬ ከዓሣው ቀና ሳይል መለሰለት። «እሷን ጠይቃት። የምታውቀው እሷ ናት።»